የፍሪላንስ ሥራ ሶፍትዌር ሲመረጥ፦ መውጫውም ይታይ

የፍሪላንስ ሥራ በውስጡ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ደንበኛ የሚከፍልበት ነው፤ ዲዛይኑ፣ ትርጉሙ፣ ኮዱ፣ የቪዲዮ ቅንብሩ። ሁለተኛው ማንም የማይከፍልበት ነው፤ ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) መላክ፣ ያልከፈለን ደንበኛ ማስታወስ፣ ፋይል ማስቀመጥ፣ ወጪ መመዝገብ። ሶፍትዌር የሚያስፈልገው ይሄን ሁለተኛውን ለማሳጠር ነው። ካላሳጠረ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሦስተኛ ሥራ ጨመረባችሁ ማለት ነው።

ስለዚህ አንድን አፕ ስመዝን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ገንዘቤ ቶሎ እንዲገባ ይረዳኛል ወይ? በየሳምንቱ ጊዜ ያተርፍልኛል ወይ? ነገ ልተወው ብል መረጃዬን ይዤ መውጣት እችላለሁ ወይ? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሁሉም ሰው ይጠይቃል። ሦስተኛውን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ የማታ ማታ ብዙ የሚያስከፍለውም እሱ ነው። ከእሱ ልጀምር።

መውጫ ያለውና የሌለው

ዋንደርሊስት የሚባል የሥራ ዝርዝር መያዣ ነበር። በርሊን የተሠራ፣ ቀላልና ብዙ ሰው የወደደው አፕ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ገዛው፤ በሜይ 2020 ዘጋው። ተጠቃሚው ዝርዝሩን ወደ ማይክሮሶፍት ቱ ዱ እንዲያዛውር ጊዜ ተሰጥቶት ስለነበር ነገሩ በሰላም አለፈ። የማስታወሻ መያዣው ኤቨርኖት ደግሞ አልተዘጋም። ባለቤቱ ከተቀየረ በኋላ ግን በ2023 መጨረሻ ላይ ለነፃ ተጠቃሚዎች የ50 ማስታወሻ ገደብ አወጣ። ከዚያ በላይ የነበረው አልጠፋበትም፤ አዲስ ለመጨመር ግን ወይ መክፈል ወይ መልቀቅ ግድ ሆነ።

ከሁሉም የከበደው የቤንች ነው። ቤንች የአነስተኛ ድርጅቶችን ሂሳብ የሚይዝ የሰሜን አሜሪካ ኩባንያ ነበር። ዲሴምበር 27 ቀን 2024፣ ዓመቱ ሊዘጋ ቀናት ሲቀሩት፣ ሰው ለግብር ሰነዱን በሚያሰናዳበት ሰሞን፣ ሥራ ማቆሙን ድንገት አስታወቀ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሌላ ኩባንያ ገዛው። በመሀል ግን ደንበኞቹ ሂሳባቸው የት እንዳለ ሳያውቁ የሰነበቱበት ጊዜ አለ።

ይሄን የምለው አፕ እንዳትጠቀሙ ለማስፈራራት አይደለም። መውጫውን በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ምንም ሳታስገቡ ሞክሩት ለማለት ነው። ዘዴው ቀላል ነው። ሦስት የፈጠራ ደንበኞች መዝግቡ። ሁለት የፈጠራ ኢንቮይስ ሥሩ። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ኤክስፖርት የሚለውን ፈልጉ። የሚወርደው ሲኤስቪ (ተራ የሠንጠረዥ ፋይል) ወይም የኤክሴል ፋይል ከሆነ ጥሩ ነው፤ የትኛውም ሌላ ፕሮግራም ያነበዋል። ፋይሉን ክፈቱት። ቀኖቹ ቀን ሆነው መጥተዋል? የተከፈለውና ያልተከፈለው ይለያል? ስሞቹ በአማርኛ ከተጻፉ ፊደሉ ተበላሽቶ ሊታያችሁ ይችላል። አትደንግጡ። በቀጥታ ከመክፈት ይልቅ ኤክሴል ውስጥ ኢምፖርት አድርጉትና ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምረጡ፤ ይስተካከላል።

እዚህ ላይ አፖቹ ይለያያሉ። ማስታወሻና ሠንጠረዥ የሚያዝበት ኖሽን ገጾችን በማርክዳውን (በተራ ጽሑፍ)፣ ሠንጠረዦችን በሲኤስቪ ያወርድላችኋል። ሥራን በካርድ የሚያደራጀው ትሬሎ በነፃው እርከን የሚሰጣችሁ ጄሰን የሚባል ፋይል ነው። ጄሰን ለፕሮግራመር ይመቻል፤ ለሌላው ሰው ግን ከፍቶ ለማንበብ ያስቸግራል። ሲኤስቪ ከፈለጋችሁ ከፍ ወዳለው እርከን መክፈል አለባችሁ። ጉግል ደግሞ ቴክአውት በሚባለው አገልግሎቱ ኢሜይሉንም፣ ፋይሉንም፣ ካሌንደሩንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ያወርዳል። በዓመት ሁለት ጊዜ ይሄን ማድረግ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ኢሜይላችሁም መውጫ ይፈልጋል። በራሳችሁ ዶሜይን፣ ማለትም በራሳችሁ የኢንተርኔት ስም፣ የተከፈተ አድራሻ ካላችሁ፣ ነገ ከጉግል ወደ ሌላ አቅራቢ ብትዛወሩ ደንበኛው አያውቅም፤ አድራሻው ያው ነው። ለዶሜይን በየዓመቱ የሚከፈለው ትንሽ ነው። ከሁሉም ነገር በፊት ለእሱ ብትከፍሉ እመክራለሁ።

ኢንቮይስ፦ ኤክሴል፣ ነፃ አፕ፣ ወይስ ሙሉ የሂሳብ ፕሮግራም?

ደንበኞቻችሁ ከአምስት በታች ከሆኑ ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ ይበቃል። ከልቤ ነው። ሰባት ዓምድ ሥሩ፤ ቁጥር፣ የተላከበት ቀን፣ ደንበኛ፣ ሥራው፣ መጠን፣ መከፈል ያለበት ቀን፣ የተከፈለበት ቀን። አንድ መስመር ይሄን ይመስላል፦ 014፣ ማርች 3፣ የደንበኛው ስም፣ የድረ ገጽ ጽሑፍ 5 ገጽ፣ 400 ዶላር፣ ማርች 17፣ ባዶ። ሁሉ ነገር ያለው በዚያች ባዶ ሳጥን ላይ ነው። መከፈያው ቀን ካለፈና ሰባተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ መስመሩ ቀይ እንዲሆን እዘዙት። ፋይሉን በከፈታችሁ ቁጥር ማን እንደዘገየ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቁጥሩን አትናቁት። ተከታታይ ይሁን፤ አይደገም፤ አይዘለል። ለምሳሌ በአውሮፓ ህብረት የተጨማሪ እሴት ታክስ ሕግ ኢንቮይስ ላይ ተከታታይ ቁጥር ግዴታ ነው። ግዴታ ባይሆንም ደንበኛ ደውሎ «የቱን ነው የምትይኝ?» ሲል «014ን» ብሎ መመለስ ክርክር ያሳጥራል።

ኤክሴል የሚከዳው መቼ ነው? የድሮ ኢንቮይስ ከፍቶ፣ ስሙን ለውጦ፣ በላዩ ላይ ሴቭ ማድረግ ሲለመድ ነው። ፍሬሽቡክስ የሚባለው የኢንቮይስ አፕ የተወለደው ከዚሁ ነው። ካናዳዊው ማይክ ማክደርመንት ትንሽ የዲዛይን ድርጅት ነበረው። በ2003 አዲስ ኢንቮይስ ሲሠራ በድሮው ላይ ሴቭ አደረገበት፤ የድሮው ጠፋ። በዚያ ተነሥቶ ሠራው። ስለዚህ በኤክሴል የምትቀጥሉ ከሆነ እያንዳንዱን ኢንቮይስ እንደላካችሁ በፒዲኤፍ አስቀምጡት፤ የፋይሉ ስም ቁጥሩ ይሁን።

ደንበኛ ሲበዛ፣ በየወሩ የሚደጋገም ሥራ ሲመጣ፣ ወይም ሁለት ዓይነት ገንዘብ መቀበል ስትጀምሩ አፕ ያስፈልጋል። ያኔ ትልቁ ጥቅም የኢንቮይሱ ማማር አይደለም። ማስታወሻ በራሱ መላኩ ነው። ብዙዎቻችን ገንዘባችንን ለመጠየቅ እናፍራለን። «ዛሬ ልደውል፣ ነገ ልደውል» ስንል ወር ያልፋል። አፑ ግን አያፍርም። ቀኑ ሲደርስ፣ ከዚያም ሲያልፍ፣ በትህትና ይጽፋል። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው ለዚህ ነው።

ከነፃዎቹ መሀል ለብዙ ፍሪላንሰር የምመርጠው ዞሆ ኢንቮይስን ነው። ነፃ ነው፤ ማስታወሻ ይልካል፤ በተለያየ ገንዘብ ይሠራል፤ ሰዓት መመዝገቢያም አለው። ዌቭ ለአጠቃቀም ይቀላል፤ ግን የተሠራው አሜሪካና ካናዳ ላሉ ድርጅቶች ታስቦ ነው። ከዚያ ውጭ ላለ ሰው ዋናው ጥቅሙ ይቀርበታል። ፍሬሽቡክስ ለዓይንም ለእጅም ይመቻል፤ ሆኖም ዝቅተኛው እርከን ኢንቮይስ የምትልኩላቸውን ደንበኞች ቁጥር ይገድባል። ትናንሽ ሥራ ለብዙ ሰው የምትሠሩ ከሆነ፣ ሎጎ ወይም የአንድ ገጽ ትርጉም፣ ገደቡ ቶሎ ይነካችኋል። ሁለት ሦስት ትልልቅ ደንበኞች ላሉት ግን ችግር የለውም።

ኩዊክቡክስና ዜሮ (Xero) የሚባሉት የሂሳብ ፕሮግራሞች ሌላ ዓለም ናቸው። ሙሉ የሂሳብ መዝገብ ይይዛሉ፤ ከባንክ እንቅስቃሴ ጋር ያስታርቃሉ። ብቻችሁን ስትሠሩ ይሄ ሁሉ ይበዛል። የሂሳብ ባለሙያ ካላችሁ ግን ምርጫው የእሱ ይሁን። እሱ የሚያውቀውን ፕሮግራም ስትጠቀሙ በዓመቱ መጨረሻ የሚያስከፍላችሁ ሰዓት ይቀንሳል።

ገንዘቡ የሚገባበት መንገድ

ብዙ ሰው የአፕ ወርሃዊ ክፍያ ላይ ይጨነቅና በክፍያ መቀበያው ላይ የሚቆረጠውን ሳያይ ያልፋል። ሒሳቡን እንሥራው። ፍሪላንሰርና ደንበኛ የሚገናኙበት መድረክ ፋይቨር ከሻጩ፣ ማለትም ከፍሪላንሰሩ፣ 20 በመቶ ይወስዳል። የ500 ዶላር ሥራ ስትሠሩ 100 ዶላሩ እዚያው ይቀራል። ከዚያ ገንዘቡን ስታወጡ ሌላ ክፍያ ይኖራል፤ ወደ ሌላ ገንዘብ ሲመነዘር ደግሞ ሌላ። በወር አሥር ዶላር የሚያስከፍል አፕ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

ስለዚህ ፔይፓል፣ ዋይዝና ፔዮኒር የሚባሉትን የክፍያ መቀበያዎች ስታነጻጽሩ «የመላኪያው ስንት ነው?» ብቻ አትበሉ። የምንዛሪ ተመኑንም እዩ። ዋይዝ በገበያው መካከለኛ ተመን ይመነዝርና ክፍያውን ለብቻው ጽፎ ያሳያል። ፔይፓል ደግሞ ገንዘብ ሲለውጥ ተመኑ ላይ የራሱን ጭማሪ ያደርጋል፤ ስለዚህ ክፍያው ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ትክክለኛው ማነጻጸሪያ አንድ ብቻ ነው፦ ደንበኛው 500 ዶላር ላከ፤ ባንኬ የገባው ስንት ነው? በሁለት መንገድ በትንሽ ገንዘብ ሞክሩና ቁጥሩን ጻፉት።

ፔይፓልን በተመለከተ ሌላም ነገር አለ። አካውንት ላይ እገዳ ከጣለ ገንዘቡን እስከ 180 ቀን ሊይዝ ይችላል። ይሄ ውሉ ላይ ያለ ነገር ነው። የቤት ኪራይ የሚከፈልበትን ገንዘብ እዚያ አታጠራቅሙ። እንደገባ አውጡት። ፔዮኒር የብዙ የፍሪላንስ መድረኮች ገንዘብ ማውጫ መንገድ ስለሆነ ከመድረክ ለሚሠራ ሰው ይቀርበዋል። ደንበኛችሁ በቀጥታ የሚከፍል ከሆነና ዋይዝ አገራችሁ ውስጥ የሚሠራ ከሆነ እሱን አስቀድማለሁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አገልግሎቱ ባላችሁበት አገር መቀበል ይፈቅድ እንደሆነ አረጋግጡ። አካውንት መክፈት ተፈቀደ ማለት ገንዘብ መቀበል ተፈቀደ ማለት አይደለም። ፔይፓል በአንዳንድ አገሮች መላክ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ሌላው የክፍያ መቀበያ ስትራይፕ ደግሞ በብዙ አገሮች ጭራሽ የለም። ደንበኛው «በስትራይፕ ልክፈል» ካለ በኋላ ይሄን ማወቅ ሥራ ያስተጓጉላል።

ሰዓት መመዝገቢያ፣ በሰዓት ለማይከፈለውም

«እኔ የምሠራው በሥራ እንጂ በሰዓት አይደለም፤ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን በቁርጥ ዋጋ ለሚሠራ ሰው የበለጠ ያስፈልጋል ባይ ነኝ።

አንድ ሎጎ በ300 ዶላር ተስማማችሁ እንበል። 10 ሰዓት ይፈጃል ብላችሁ ገመታችሁ፤ በሰዓት 30 ዶላር ማለት ነው። መነሻ ሐሳቡ 4 ሰዓት ወሰደ። ሥዕሉ 7። ከዚያ «ቀለሙን ትንሽ» ተባለ። «ፊደሉ ቢወፍር» ተባለ። «የበፊቱ ይሻል ነበር» ተባለ። በዚህ ብቻ 11 ሰዓት ሄደ። ስብሰባና ኢሜይል 3። ሲደመር 25 ሰዓት፤ በሰዓት 12 ዶላር። ሳትመዘግቡ ብትቀሩ የሚሰማችሁ ድካሙ ብቻ ነው፤ የት እንደፈሰሰ አታውቁትም። መዝግባችሁ ከሆነ ግን ለሚቀጥለው ደንበኛ ውል ላይ ምን እንደምትጽፉ ታውቃላችሁ፦ ሁለት ዙር ማሻሻያ በዋጋው ውስጥ፣ ከዚያ በላይ በሰዓት።

ለዚህ ቶግል ትራክና ክሎኪፋይ ይበቃሉ። ሁለቱም ነፃ እርከን አላቸው። ቶግል በአጠቃቀም ይቀለኛል፤ አንድ ቁልፍ ተጭኖ መጀመር፣ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ማቆም። በነፃ እስከ 5 ሰው ይሠራበታል። ክሎኪፋይ በነፃው እርከን የሰው ብዛት አይገድብም፤ ገጹ ግን ትንሽ ይጨናነቃል። ብቻውን ለሚሠራ ቶግል፣ ረዳቶችን ለሚያሰልፍ ክሎኪፋይ። ሃርቨስት ኢንቮይስንም ሰዓትንም አንድ ላይ መያዙ ደስ ይላል፤ ነፃው ግን ለአንድ ሰውና ለሁለት ፕሮጀክት ብቻ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ምድቦችን አታብዙ። ሥራ፣ ማሻሻያ፣ ንግግር። ሦስት። ምድቡ አሥራ ሁለት ከሆነ በሁለተኛው ሳምንት መመዝገብ ይቀራል።

ሥራ ማደራጃና ውይይት

ትሬሎ ወይስ ኖሽን? ሥራችሁ ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላው የሚሄድ ከሆነ፣ ተጠየቀ፣ ተጀመረ፣ ለደንበኛ ተላከ፣ ተከፈለ፣ ትሬሎ ይስማማችኋል። ካርዱን ከዓምድ ወደ ዓምድ መጎተት ነው። የነፃው የ10 ቦርድ ገደብ ለአንድ ሰው ከበቂ በላይ ነው። ብዙ የሚነበብ፣ የሚጠቀስ፣ የሚጻፍ ነገር ላለበት ሰው ደግሞ ኖሽን ይሻላል። አደጋው ኖሽንን ማሳመር በራሱ ሥራ መሆኑ ነው። ሰንጠረዥ በሰንጠረዥ ላይ፣ ሽፋን፣ አይከን። አንድ ቀን ሙሉ ይበላል፤ ለዚያ ቀን የሚከፍል ደንበኛ ደግሞ የለም። ሌላው የሥራ ማደራጃ አሳና ቡድን ላለው ሰው ጥሩ ነው፤ ለብቸኛ ሰው ያን ያህል አያስፈልግም።

ውይይትን በተመለከተ አንድ ጥብቅ ነገር አለኝ። የሥራ መልእክት መለዋወጫው ስላክ በነፃው እርከን የሚያሳየው የመጨረሻዎቹን 90 ቀናት መልእክት ብቻ ነው። ደንበኛው «ይሄንንም ጨምሪልኝ፣ እከፍላለሁ» ያለበት መልእክት በአራተኛው ወር ከዓይን ይጠፋል። ክርክር የሚነሳውም ብዙ ጊዜ ያን ሰሞን ነው። ስለዚህ በስላክ ይሁን በቴሌግራም፣ ገንዘብና ቀንን የሚነካ ነገር ከተስማማችሁ በዚያው ቀን ሁለት መስመር ኢሜይል ጻፉ፦ «ዛሬ እንደተነጋገርነው ሁለት ገጽ ተጨምሯል፤ ዋጋው 80 ዶላር፤ ማስረከቢያው ዓርብ።» ይሄ ብቻ ይበቃል።

ለስብሰባ ብዙ አታስቡ። ዙም በነፃ 40 ደቂቃ ይሰጣል። ጉግል ሚት ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ሲሆን 60 ደቂቃ፣ ሁለት ሰው ብቻ ሲሆን እስከ 24 ሰዓት። ከአንድ ደንበኛ ጋር ለመነጋገር ሚት በነፃው ይበልጣል።

ፋይልና ፓስወርድ

ጉግል ድራይቭ በነፃ 15 ጊጋባይት ይሰጣል፤ ግን ከጂሜይልና ከፎቶ ጋር የሚጋራ ነው። ዋንድራይቭ 5፣ ድሮፕቦክስ 2። ጽሑፍ ለሚሠራ ሰው የቱም ይበቃል፤ ቪዲዮ ለሚሠራ የቱም አይበቃም። ልብ በሉ፣ ሲንክ (ፋይሉን በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ማድረግ) ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አይደለም። ኮምፒውተራችሁ ላይ የጠፋው ፋይል ከድራይቩም ይጠፋል፤ ጉግል ድራይቭ ቅርጫት ውስጥ የሚቆየው 30 ቀን ነው። ፎቶ አንሺዎች ዘንድ የተለመደው የ3-2-1 ደንብ ይሻላል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ከኮምፒውተራችሁ ጋር አንድ ኤክስተርናል ዲስክና አንድ ክላውድ ይሄን ይሞላሉ።

ፓስወርድ ለመያዝ ቢትዋርደን የሚባለውን አፕ እመክራለሁ። ነፃው በቂ ነው፤ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ ኤክስፖርትም ያደርጋል። ሌላው የፓስወርድ መያዣ ላስትፓስ በ2022 ተጠልፎ የደንበኞች ካዝና (ፓስወርዶቹ የሚቀመጡበት) ቅጂ እንደተሰረቀ ካስታወሳችሁ፣ ካዝናውን የሚከፍተው ማስተር ፓስወርድ ረጅም እንዲሆን ለምን እንደሚመከር ይገባችኋል። ኢሜይላችሁና የክፍያ አካውንቶቻችሁ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። የደንበኛን ፓስወርድ ስለምትይዙ ነገሩ የእናንተ ብቻ አይደለም።

ሁሉን በአንድ የሚይዙት

ቦንሳይና ሃኒቡክን የመሰሉ አፖች ፕሮፖዛሉን፣ ውሉን፣ ፊርማውን፣ ኢንቮይሱንና ሰዓቱን አንድ ላይ ይዘው ይመጣሉ። በየወሩ ተመሳሳይ ዓይነት ሥራ ለአዳዲስ ደንበኞች ለሚሠራ ሰው፣ ለምሳሌ ለሠርግ ፎቶ አንሺ፣ እውነተኛ እፎይታ ናቸው። ደንበኛው ሊንኩን ይከፍታል፤ ያነባል፤ ይፈርማል፤ ቀብዱን ይከፍላል፤ አለቀ። ሥራው በየጊዜው ለሚለያይበት ሰው ግን አልመክርም። ግማሹን ሳትነኩት ለሙሉው ትከፍላላችሁ። መውጫውም እዚህ ላይ በጣም ይጠባል፤ ደንበኛውም፣ ውሉም፣ ሂሳቡም አንድ ቦታ ስለሆነ። ከተጠቀማችሁ የተፈረመውን ውል ሁሉ በዚያው ቀን በፒዲኤፍ አውርዱና በራሳችሁ ፎልደር አኑሩ።

የዓመት ክፍያ በቅናሽ ሲቀርብላችሁም ቢያንስ ሦስት ወር በየወሩ ከፍላችሁ ተጠቀሙ። ከዚያ በኋላም በየሳምንቱ የምትከፍቱት ከሆነ ዓመቱን ግዙ።

አንዳንዴ ደግሞ ምርጫው የእናንተ አይሆንም። ደንበኛው «በእኛ አሳና፣ በእኛ ስላክ ግቡ» ይላል። ግቡ፤ ለእሱ ሥራ የእሱ ቤት ይሻላል። ግን ሰዓታችሁን በራሳችሁ ቶግል መዝግቡ፤ የተስማማችሁበትን በራሳችሁ ኢሜይል ያዙ። ውሉ ባለቀ ቀን አካውንታችሁ ሊዘጋ ይችላል፤ አንዴ ከተዘጋ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት የለም። ስለዚህ የመጨረሻውን ኢንቮይስ ከመላካችሁ በፊት፣ ገና መግቢያው ሳይዘጋ፣ የሚያስፈልጋችሁን አውርዱ። ለፖርትፎሊዮ የምታሳዩት ሥራ ካለም ፈቃዱን ያን ጊዜ በጽሑፍ ጠይቁ።